ስለ ካራና ስለ ካራ ሠሪው

ከሰው እጅ ከወጡት ዕቃዎች መካከል እንደ ካራ ለሰው ሕይወት የቀረበ ጥቂት ነው። ሕፃን ሲወለድ እትብቱ የሚቈረጠው በስለት ነው፤ በሠርግ ቀን ፍሪዳው የሚታረደው በስለት ነው፤ ሰው ዐርፎ ሲገነዝም የመግነዙ ክር የሚቈረጠው በስለት ነው። ስለዚህ ስለ ካራ መጻፍ ስለ ጥቃቅን ነገር መጻፍ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከልደቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ስለት ስንት ጊዜ እንደሚያገለግለው ያስብ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን የካራውን ጥቅም አይደለም፤ ጥቅሙንስ ሁሉም ያውቀዋል። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ካራውን የወደደ ሰው ካራ ሠሪውን ስለ ምን ይጠላዋል? ጥላቻውስ በእግዚአብሔር ቃል የተደገፈ ነውን?

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቁትን ሥራ መናቅ ቀላል ነውና። ካራ የሚወጣበት ብረት እንዲያው ብረት ብቻ አይደለም፤ ካርቦን የሚባለው የከሰል ባሕርይ ጥቂት የተቀላቀለበት፥ ዐረብ ብረት የሚሉት ነው። የዚህ ባሕርይ መጠን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ባይኖርበት ብረቱ ቀኑን ሙሉ ቢቀጠቀጥ ስለት አይይዝም። ባለ እጁ በወናፍ እየነፋ ብረቱን በፍም ውስጥ ያግለዋል፤ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ያኖረዋል፤ በመዶሻም እየመታ ቅርጹን ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭንቅ የሚበዛበት ነው። ብረቱ እንደ ገና እስኪቀላ፥ ማግኔት እንኳ ሊስበው እስከማይችል ድረስ፥ ይኸውም ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፥ ይግልና በድንገት በዘይት ውስጥ ይጠልቃል። በዚያች ቅጽበት ብረቱ እንደ መስተዋት ይጠነክራል፤ እንደ መስተዋትም በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ሞረድ ቢያሳልፉበት ሞረዱ ይንሸራተታል እንጂ አይበላውም፤ በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ግን ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ባለ እጁ ሁለተኛ ወደ ለዘብተኛ ሙቀት ይመልሰዋል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የተወለወለው ፊቱ የገለባ መልክ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ከጥንካሬው ጥቂት ይቀነስና ጽናት ይጨመርለታል። ከዚህም የበለጠ የሚጠበብ ባለ ሙያ ስለቱን ብቻ አጠንክሮ ጀርባውን ለስላሳ አድርጎ ይተወዋል። ይህን ሁሉ የሚለካው በዐይኑ ነው፤ የፍሙን መልክ አይቶ፥ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ያውቀዋል።

ይህ ሙያ በብዙ አሕዛብ ዘንድ የሚገኝ ነው፤ አንዱን ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ። በሰሜን አሜሪካ ከከተማ ወጥተው በዱር ሰፍረው የሚያድሩ ሰዎች የሚይዙት አንድ ዐይነት ትልቅ ካራ አለ፤ ከማዕድ ቤት ቢላዋ የሚበልጥ፥ ከጎራዴ የሚያንስ፥ ለማገዶ መጥረቢያን፥ ለሥጋ ቢላዋን የሚተካ ነው። እኛ የጉዞ ካራ እንበለው። የፋብሪካ ሥራ ከበዛ ወዲህ እንዲህ ያለውን ስለት በእጃቸው የሚቀጠቅጡ ሰዎች በዚያ አገር እጅግ አንሰው ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ግን ዊልያም ሞራን የሚባል የሜሪላንድ ሰው (1925—2006 እ.ኤ.አ.) ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋራ የስለት ቀጥቃጮችን ማኅበር አቋቋመ። በዚህ ማኅበር ማዕርግ ለማግኘት የሚሻ ሁሉ በገዛ እጁ የቀጠቀጠውን ካራ ይዞ ለፈተና ይቀርባል።

የፈተናውም ሥርዓት እንዲህ ነው። የስለቱ ርዝመት ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ካራ ይቀርባል። አስቀድሞ ከላይ የተንጠለጠለ፥ ከታች ግን ምንም ያልያዘው፥ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ገመድ በአንድ ምት መቈረጥ አለበት። ቀጥሎ ለቤት ሥራ የሚሆን ወፍራም ጠርብ እየተመታ ሁለት ጊዜ ለሁለት ይቈረጣል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ያው ስለት ሳይሳል የክንድ ጠጕር መላጨት ይገባዋል። በመጨረሻም ካራው በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ እስኪሞላ ድረስ ይታጠፋል፤ ተሰብሮ ለሁለት ቢከፈል ሰውየው ወደቀ ማለት ነው። እንግዲህ ጠንካራ ብቻ የሆነ ካራ ገመዱን ይቈርጣል፥ በመጨረሻው ፈተና ግን ይሰበራል፤ ለስላሳ ብቻ የሆነውም ይታጠፋል፥ ነገር ግን ጠጕር አይላጭም። በንስሓ አባትነት የኖሩ ካህናት ጥንካሬንና ልስላሴን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ማስማማት ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና፥ በዚህ ምሳሌ ላይ አንዘገይም።

የምንዘገይበት ከፈተናው በኋላ ያለው ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው የማዕርጉን ምልክት ከስሙ ጋራ በካራው ላይ ያትማል፤ ገዢውም ካራውን ሲያነሣ የሠሪውን ስም ይፈልጋል። ከእነዚህ ቀጥቃጮች ብዙዎቹ ለጉዞ ካራ የሚመርጡት ብረት ደግሞ ለመኪና ባሌስትራ የሚሆነውን ዐይነት ነው። የእኛም አገር ባለ እጅ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ከገበያ ገዝቶ ካራና ማጭድ ያወጣበታል። ብረቱ አንድ ዐይነት ነው፤ እሳቱም መዶሻውም አንድ ዐይነት ነው። በዚያ አገር ሠሪው ስሙን በካራው ላይ ያትማል፤ በእኛ አገር ግን በብዙ ቦታ ሠሪው ሙያው ከስሙ ጋራ እንዳይነሣበት ሲሰጋ ኖሯል።

የስሙን ነገር ካነሣን፥ ቃሎቹ ራሳቸው ምስክሮች ናቸው። ባለ እጅ የሚለው ቃል በግልጥ ሲታይ ሙገሳ ነው፤ እጅ ያለው፥ እጁ የሚሠራ ማለት ነውና። ጠይብ የሚለውም ጠቢብ ከሚለው ከግእዙ ቃል የመጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሰሎሞንን የምትጠራበት ቃል መሆኑን ካህናት ያውቃሉ። ሁለቱም ቃላት በገበያና በጕልት ሲነገሩ ግን ስድብ ሆነዋል። በእነርሱም ላይ ሦስተኛ ቃል ተጨመረ፤ ቡዳ የሚለው ነው። በቀን ብረት የሚቀጠቅጠው በሌሊት ጅብ ይሆናል፥ ዐይኑ ያረፈበትን ሕፃን ይበላል፥ ከመቃብርም ሬሳ ያወጣል ተባለ። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ርስት ስለ ተነፈጋቸው ብዙዎቹ ወንዶች በብረት ሥራ፥ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ይህ ስም በእነርሱ ላይ በእጅጉ ከብዶባቸው ኖሯል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ የአባቶቻቸው የብረት ሙያም ከእነርሱ ጋራ ሄደ። ሙያው በእነርሱ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ የተጠመቁ፥ የሚጾሙና የሚቈርቡ ባለ እጆችም ስድቡን ከእነርሱ እኩል ተቀብለዋል።

ይህን ንቀት በመጽሐፍ ለመደገፍ የሚሞክሩ ሰዎች ሁለት ነገር ያመጣሉ። የመጀመሪያው የቃየል ነገር ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ናስና ብረት ይሠራ የነበረው ቱባልቃይን ከቃየል ዘር እንደ ተወለደ ተጽፏል፤ ስለዚህ ብረት ሠሪ ሁሉ የነፍሰ ገዳይ ዘር ነው ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ያንኑ ምዕራፍ በዝግታ ያንብብ። ቱባልቃይን ቃየልን ጨምሮ ሲቈጠር ሰባተኛው ትውልድ ነው። ቃየል አቤልን በገደለ ጊዜ በምድር ላይ ብረት ቀጥቃጭ መኖሩ አልተጻፈም፤ የመጀመሪያው ግድያ ካራ ሠሪውን ሳይጠብቅ ተፈጸመ፤ ከቅንዓት የተወለደ ነውና። ደግሞም ከጥፋት ውኃ የተረፉት ስምንት ነፍስ ብቻ እንደ ሆኑ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ያስተምራል፤ ኖኅም ከሴት ዘር ነው። እንግዲህ የቃየል ትውልድ በየትኛው መርከብ ተሻግሮ ወደ መንደራችን ቀጥቃጭ ደረሰ? ይልቁንም ኖኅ መርከቢቱን የጠረበበት መሣሪያ ከማን እጅ እንደ ወጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው፤ ለእኛም ይበልጥ ይመለከተናል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው የመጽሐፈ ሄኖክ ነውና። ከሰማይ ከወረዱት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ካራ፥ ጋሻና ጥሩር መሥራትን እንዳስተማረ ሄኖክ ይናገራል። ይህ በግልጥ የተጻፈ ነው፤ አንሸሸውም። ነገር ግን የሚጠቅሱት ሰዎች ከመካከል ቈርጠው ያቆሙታል። በዚያው ቦታ አዛዝኤል አምባርንና ጌጥን፥ ዐይን መኳልን፥ የከበሩ ድንጋዮችንና የቀለም ኅብርንም እንዳስተማረ ተጽፏል። ካራ ሠሪው በዚህ ቃል ርኩስ የሚሆን ከሆነ፥ ሥዕለ አድኅኖ የሚስለው ሠዓሊ፥ ካባውን በቀለም ያስጌጠው ልብስ ሠሪ፥ ለታቦት ክብር የሚወጣውን አክሊል የሠራው አንጥረኛም በዚያው ቃል ርኩሳን ሊሆኑ ነው። ይህን የሚል ካህን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቀለሙን ለሥዕል፥ ዕንቍውን ለአክሊል ተቀብላ የቀደሰች ቤተ ክርስቲያን ካራውን ብቻ ለአዛዝኤል ትታ የሄደችበት ቀን የለም። የሄኖክ ወቀሳ ሰዎቹ ዕውቀቱን ለመገዳደልና ለዝሙት ስላዋሉት እንደ ሆነ ታሪኩ ራሱ ወዲያው ይናገራል።

በነቢዩ በኢሳይያስ ምዕራፍ 54 ደግሞ፥ በፍም ላይ እሳት የሚያናፋውን፥ ለሥራው መሣሪያ የሚያወጣውን ብረት ሠሪ የፈጠረ እርሱ ራሱ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይናገራል። በዚያው ቃል አጥፊውንም እንደ ፈጠረ ይናገራልና፥ መፍጠሩ ብቻ ሙገሳ ነው ለማለት አንደፍርም። የምንለው ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ብረት ሠሪውን ከሥልጣኑ በታች አድርጎ የእኔ ፍጥረት ነው ካለው፥ ሰው ተነሥቶ የጋኔን ወገን ነው ለማለት ከወዴት ሥልጣን አገኘ?

ካራው ራሱ ክፉ ነውን? ለሚለው ጥያቄ አብርሃም በቂ መልስ ነው። ወደ ተራራው ሲወጣ እሳትና ካራ በእጁ ነበሩ። እጁን በዘረጋ ጊዜ መልአኩ የጠራው አብርሃምን በስሙ ነው፤ ካራውን አልገሠጸም። በዚያውም ካራ በይስሐቅ ፈንታ በጉ ተሠዋ። ጌታም በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ አፎቱ እንዲመልስ አዘዘው እንጂ ሰይፉን የቀጠቀጠውን አልወቀሰም። በሁለቱም ቦታ ቃሉ የተነገረው እጁን ለዘረጋው ነው።

ይህን ስንል ካራ ሠሪው ከጥያቄ ሁሉ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። የሥራው ኀላፊነት አለበት፤ ኀላፊነቱም ሁለት መልክ ያለው ይመስለናል። በዘይት ሲጠልቅ ብረቱ ውስጥ የማይታይ ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል፤ ባለ እጁ ድምፁን ሰምቶ ያውቀዋል፥ ገዢው ግን አያውቀውም። ስንጥቁን በሞረድና በውልወላ ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው፥ ካራው በእንጨት ፈላጩ እጅ ላይ በተሰበረ ቀን ለፈሰሰው ደም ተጠያቂ ነው። ሁለተኛው የሚገዛውን ሰው መመልከት ነው። ባለንጋራውን ሊገድል በቍጣ ተነሥቶ በደጁ የቆመን ሰው አይቶ ስለት የሚሸጥለት ባለ እጅ፥ እኔ ብረት ሸጥሁ እንጂ ሞት አልሸጥሁም ቢል አያድነውም። ነገር ግን ይህ ፍርድ በብረት ሠሪ ላይ ብቻ የሚጸና አይደለም፤ ጠጅ ነጋዴውም፥ ገንዘብ አበዳሪውም፥ ነገር አዋቂው ጠበቃም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። ስለ ካራ ሠሪው ብቻ የተለየ ሚዛን አልተሠራም።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። ክርስቲያን ፍሪዳ ሲያርድ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ያርዳል። በፋሲካ ሌሊት ከ55 ቀን ጾም በኋላ ለሚፈሰክበት ሥጋ የሥላሴ ስም የተጠራው በዚያ ካራ ላይ ነው። ካራው ገና ሲገዛ ከቀጥቃጩ እጅ ወጥቷል፤ የእጁ ላብ በእጀታው ላይ አለ። የሥላሴ ስም በሚጠራበት ካራ ላይ ርኵሰት ካለ ሥጋው እንዴት ተበላ? ርኵሰት ከሌለበትስ ከአንድ እጅ ንጹሕ ካራና ርኩስ ሰው እንዴት ወጡ? ቀጥቃጩን የሚሳደብ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መልስ ሊሰጠን ይገባል፤ እስከ ዛሬ ግን መልስ ሳይሰጥ ሥጋውን ይበላል። በማኅሌት የምንሰማው ጸናጽል፥ ዕጣን የሚታጠንበት ጽና፥ ካህኑ የሚያሳልመው መስቀልም ከእሳትና ከመዶሻ የወጡ ናቸው። የላሊበላ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ መሮውን ያሾለ እጅ ነበረ፤ የዚያ ሰው ስም ግን በምንጠራቸው ስሞች መካከል የለም።

ነገሥታቶቻችንም ይህን ስተት አይተውት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም እየጠሩ፥ የሰው ሁሉ መነሻ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው በተሳዳቢው ላይ ቅጣት ወስነዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዐዋጅ የገበያውን ስድብ ሊከለክል ይችላል፤ በጋብቻ ጊዜ በሹክሹክታ የሚጠየቀውን ግን አይደርስበትም። ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የሚቈጠረው ዘመድ ዘመዱን እንዳያገባ ነው። ይህ ሥርዓት ግን በብዙ ቦታ የአጥንት መመርመሪያ ሆኗል፤ ቈጣሪዎቹ ዘመድ ሳይሆን ወናፍ ይፈልጋሉ፤ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው አያት ቤት አንድ ወናፍ ካገኙ ጋብቻው ይፈርሳል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ክልከላ አልሠራችም። በስሟ ሲሠራበት ዝም ማለት ግን ለካህናት የሚገባ አይመስለንም።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች መጽሐፈ ሲራክን ይጠቅሱብናል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ብረት ሠሪውን፥ የእሳቱ ትነት ሥጋውን እንደሚያከሳው፥ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እንደሚሞላው፥ ዐይኑም በሚሠራው ዕቃ ምሳሌ ላይ እንደ ተተከለ ካሳየ በኋላ፥ በዳኝነት ወንበር እንደማይቀመጥ ይናገራል። እውነት ነው፤ ጸሓፊውን ከእርሱ ያስበልጣል፤ የሚያስበልጠውም ለሕግ ምርመራ ጊዜ ስላለው ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ከተማ እንደማይቆም ይመሰክራል፤ ጸሎታቸውም በእጅ ሥራቸው ውስጥ እንዳለ ተናግሮ ምዕራፉን ይጨርሳል። ቅድሚያን ለሊቅ መስጠት ሌላ፥ ቀጥቃጩን ከሰው ተራ ማውጣት ሌላ ነው። ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13ም ብረት ሠሪ የጠፋበት ሕዝብ ምን እንደሚሆን ያሳያል፤ እስራኤል ማረሻቸውንና መጥረቢያቸውን ለማሾል ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ ነበር።

የቀረው ለካህናት የሚነገር ነው። ሕፃን በድንገት ታሞ ሲያቃስት፥ ዘመዶቹ ተሰብስበው ቡዳ በላው ሲሉ፥ በዚያች ሌሊት የሚጠራው የንስሓ አባት ነው። ሁሉም ፊቱን ያዩታል። የቀጥቃጩን ስም አንሥተው በጠየቁት ጊዜ አንገቱን ቢያቀረቅር፥ ዝምታው እንደ ምስክርነት ይቈጠርና በማግሥቱ በቀጥቃጩ ቤት ላይ ድንጋይ ይወረወራል፤ በዚህ ዐይነት የተደበደቡና ከመንደር የተባረሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ጸሎቱን ያድርስ፥ ጠበሉን ይርጭ፥ ሕፃኑንም ፈጥነው ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ይዘዝ፤ የተጠራውንም ስም በዚያው በሕመምተኛው ራስጌ ሳያመነታ ይቃወም። ሲነጋም ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይሂድ፤ በሰው ፊት ይግባ፥ ቤቱን ይባርክ፥ ከመሶቡም ይቍረስ፤ ካራው ደንዞበት እንደ ሆነም ይዞት ሄዶ በዚያው ያስለው።